ሥጋ የቀመሰው ቅጠል

ሃርትፊልድ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሳሴክስ አውራጃ ያለች መንደር ናት። በ1860 ሐምሌ ላይ፣ እኛ ዘንድ ክረምት እነሱ ዘንድ ደግሞ በጋ በሆነበት ወቅት፣ ቻርልስ ዳርዊን ቤተሰቡን ይዞ እዚያ ከሚኖሩ የሚስቱ የኤማ ዘመዶች ዘንድ ሰነበተ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ ስምንት ወር ቢሆነው ነው። አገር ምድሩ በእሱ ስም ይጨቃጨቃል፤ እሱ ግን በሽታ የማይለየው፣ ግርግር የማይወድ የ51 ዓመት ሰው ነበር።

ከመንደሩ አጠገብ ባለው ቁጥቋጧማ ረግረግ ሲንሸራሸር ዓይኑ አንዲት ትንሽ ተክል ላይ አረፈ። ቅጠሏ ከሳንቲም አይበልጥም፤ ክብ ነው፤ መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። በላዩ ቀያይ ጠጉሮች ቆመውበታል፤ በእያንዳንዱ ጠጉር ጫፍ ላይ አንድ ዕጢ፣ በዕጢው ላይ ደግሞ እንደ ማር የሚዝለገለግ ጠብታ አለ። ፀሐይ ሲያርፍበት ረፋድ ላይ ያልደረቀ ጤዛ ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ድሮሴራ ማለት በግሪክኛ ጤዛ የለበሰች እንደ ማለት ነው። ጤዛ መስሎት ያረፈ ዝንብ ግን አይነሣም።

ዳርዊን 12 ተክሎች ሳይመርጥ ነቀለና የተዘረጉ ቅጠሎቻቸውን ቆጠረ፤ 56 ሆኑ። በ31ዱ ላይ የሞተ ነፍሳት ወይም የነፍሳት ርዝራዥ ተጣብቋል። አንዱ ቅጠል ብቻውን 13 ይዟል። በኋላ ደግሞ የ31 ቅጠሎችን ጠጉር አንድ በአንድ ቆጥሮ በአማካይ 192 አገኘ። እኛ አገር ሁሉን አውቃለሁ ባይን የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ ይላል እንላለን፤ ይህ ሰው ግን የምሩን ጠንጋራዋን ዝንብ ሳይለይ የሚተኛ አይመስልም።

ድሮሴራ ነፍሳት እንደምትይዝ የሚያውቁ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ። ሮት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጠጉሮቹ በተያዘው ነፍሳት ላይ እንደሚያጎነብሱ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጽፏል። ዳርዊንን የቆረቆረው ሌላ ነገር ነበር። ቅጠሉ ላይ ዝንብም ያርፋል፣ አሸዋም ይወድቃል፣ ዝናብም ይዘንባል፤ ቅጠሉ የሚበላውን ከማይበላው በምን ይለያል? ተክሎቹን ይዞ ገባና በማሰሮ ተከላቸው።

ጥያቄውን የጀመረው ቤት ውስጥ በሚገኘው ነገር ነው። ጥሬ ሥጋ አስቀመጠ፤ ጠጉሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀስ በቀስ ወደ መሃል አጎነበሱ። ሥራው ከአንድ እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ጠጠር አስቀመጠ፤ ጠጉሮቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱና ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ውኃ ጠብ አደረገ፤ ምንም። ይህ የመጨረሻው በጣም ደስ አሰኘው። የእንግሊዝ ዝናብ በጠብታ ቁጥር ቅጠሉን ቢያስዘጋው ኖሮ ተክሏ ዓመቱን ሙሉ በከንቱ ስትጨበጥና ስትዘረጋ ትኖር ነበር።

ኤማ ነገሩን በትዕግሥትም በፈገግታም ታየው ነበር። በዚያው ነሐሴ ለአንዲት ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ፣ ባሏ ድሮሴራን ልክ እንደ ሕያው ፍጡር እየተንከባከባት እንደሆነና ምናልባትም በመጨረሻው እንስሳ ናት ብሎ ለማስመስከር ሳያስብ እንዳልቀረ ትቀልዳለች። ቀልድ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ያሉትን 15 ዓመታት ከዚህ ቀልድ ውጭ መረዳት ይከብደኛል። ሰውዬው የምር ያንን ነበር የሚመረምረው።

በኅዳር ለጂኦሎጂስቱ ለቻርልስ ላይል ሲጽፍ፣ በዚህ ሰዓት በዓለም ካሉት ዝርያዎች ሁሉ አመጣጥ ይልቅ የድሮሴራ ጉዳይ እንደሚያሳስበው ነገረው። ያገኘው ውጤት ራሱን አስፈርቶት ነበር። ከሰው ፀጉር 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ አንዱ ዕጢ ላይ ሲያኖረው ጠጉሩ ጎንበስ አለ። የዚያች ቁራጭ ክብደት 0.000822 ሚሊ ግራም ነው። ምላሳችን ላይ ቢያኖሩት አይሰማንም። ደፋሩ የዝርያዎች ደራሲ ይህን ለማተም አልደፈረም፤ ደግሜ ልየው አለና ወደ ጎን አደረገው።

ወደ ጎን ያደረገው ግን ለአሥር ዓመት ያህል ሆነ። የኦርኪድ መጽሐፍ መጣ፤ የለማዳ እንስሳትና የዕፅዋት መጽሐፍ መጣ፤ የሰውን የዘር ሐረግ የሚመለከተው መጽሐፍ መጣ፤ በሽታውም አልለቀቀውም። በመካከሉ ሌሎች ሰዎች በራሳቸው መንገድ ይሞክሩ ነበር። በ1868 በአሜሪካ ዴላዌር የሚኖረው ዊልያም ካንቢ፣ የድሮሴራ ዘመድ የሆነችውን የዝንብ ወጥመድ ተክል የበሬ ሥጋ አበላት፤ ተስማማት። አይብ ሲሰጣት ግን ቅጠሏ ጠቁሮ ሞተ። ዳርዊን ይህን በኋላ ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፍ አስገብቶታል። እሱም በበኩሉ ለድሮሴራ ከልክ በላይ ትልቅ ሥጋ ሲሰጥ ቅጠሉ በቁንጣን እንደሚሞት አይቷል።

በ1872 የስሜቶችን አገላለጥ የሚመለከተውን መጽሐፉን አስረክቦ እጁ ሲፈታ ወደ ድሮሴራ ተመለሰ። ቦታው ከለንደን ወጣ ብሎ ያለው ዳውን ሐውስ ነው፤ የሚኖርበት ቤት፣ የሚሠራበትም ቤት። ዩኒቨርሲቲ የለ፣ የሚከፈለው የምርምር ጓድ የለ። የመስታወት ቤት፣ ሳህኖች፣ የመድኃኒት ቀማሚ ሚዛን፣ ትናንሽ ብልቃጦች፣ አጉሊ መነጽር፣ አንድ መርፌ ቁልፍ። ሥራው እንዲህ ነው፤ በውኃ የተበጠበጠውን ነገር የመርፌ ቁልፉን ራስ ነክሮ ያወጣና በላዩ የቀረችውን ኢምንት ጠብታ ከዕጢው ዝልግልግ ጋር እስክትገናኝ ያስጠጋታል። ዕጢውን ራሱን መንካት የለበትም፤ ከነካው ያጎነበሰው በንክኪ ይሁን በቅመም አይታወቅም። ከዚያ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያያል።

መጀመሪያ ፈሳሾቹን በሁለት ወገን ከፈላቸው። በአንዱ ወገን ወተት፣ ሽንት፣ የእንቁላል ነጭ፣ የጥሬ ሥጋ ውኃ፣ ምራቅ። በሌላው ወገን የግራር ሙጫ፣ ስኳር፣ ስታርች፣ የወይራ ዘይት፣ በውኃ የቀጠነ አልኮል፣ ሻይ። የመጀመሪያዎቹ ናይትሮጂን አለባቸው፤ የሁለተኛዎቹ የለባቸውም፣ ወይም ከቁጥር አይገባም። ናይትሮጂን ያለባቸውን 64 ቅጠሎች ላይ ሞከረ፤ 63ቱ አጎነበሱ። የሌለባቸውን 61 ቅጠሎች ላይ ሞከረ፤ አንድም አላጎነበሰም።

እንዲህ ጥርት ያለ መልስ በሥነ ሕይወት ሙከራ ላይ አዘውትሮ አይገኝም። በረግረግ የምትኖር ተክል ሥሮቿ የሚያገኙት ናይትሮጂን ጥቂት ነው፤ ስኳሩን ከፀሐይ ራሷ ትሠራዋለች። ስለዚህ ስኳር ብታቀርብላት ዞር ብላ አታይህም። የፈላ የአተርና የጥቅል ጎመን ውኃ ሲሰጣት ደግሞ አጎነበሰች፤ ዕፅዋትም ቢሆኑ ናይትሮጂን ይይዛሉና። እዚህ ላይ ነው ዳርዊን ቅጠሉ የሚለየው ሥጋን ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ያለውን እንደሆነ ያረጋገጠው።

እንግዲህ ናይትሮጂን ከሆነ ነገሩ፣ ናይትሮጂኑን ብቻውን ብሰጣትስ? አለና ወደ አሞኒያ ጨዎች ገባ። ካርቦኔት፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት። በውኃ እያቀጠነ፣ እንደገና እያቀጠነ፣ ሊያቆም ነው ሲሉት እያቀጠነ ሄደ። ለማነጻጸሪያ ከ170 በላይ ቅጠሎች በንጹሕ ውኃ ብቻ ነክሮ ተመለከተ፤ ውኃው ራሱ ያጎነበሳቸው እንዳይሆን። ካርቦኔቱ ሠራ። ናይትሬቱ ከካርቦኔቱ ባነሰ መጠን ሠራ። ፎስፌቱ ግን ሊታመን የማይችል ሆነ። አንድን ጠጉር ለማጎንበስ የበቃው ፎስፌት 0.00000328 ሚሊ ግራም ነው። አንዱን ሚሊ ግራም ወደ 300 ሺህ ቦታ ከፋፍለው አንዷን ክፋይ ማንሣት ማለት ነው።

ስሌቱን ያደረገበት መንገድ የሰውዬውን ጠባይ ያሳያል። ቅጠሉን በቀጠነው ውሁድ ውስጥ ይነክራል፤ በውኃው ውስጥ የነበረውን ጨው አንዳች ሳይቀር ቅጠሉ ጠጥቶታል ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ ላጎነበሱት ጠጉሮች ያካፍላል። ሁሉንም እንዳልጠጣው ግልጽ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው መጠን ከዚያም ያንሳል። ስሌቱን ሆን ብሎ ለራሱ ሳይሆን ለሚጠራጠረው ሰው እንዲያደላ አድርጎታል። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩን ደጋግሞ ፈተሸው፤ ማንም እንደማያምነው ያውቃል። አንባቢውን ለማለማመድ ያመጣው ምሳሌ የአደን ውሻ ነው። ውሻ ከአራት መቶ ሜትር ርቆ የቆመን አጋዘን ነፋስ ባመጣው ሽታ ያውቃል፤ አፍንጫው ላይ የደረሰው ብናኝ ምን ያህል እንደሚመዝን ማን ይነግረናል? ውሻው ግን ነርቭ አለው። ድሮሴራ የላትም።

ነርቭ የላትም? ይህም ቢሆን መጠየቅ ነበረበት፤ የኤማን ቀልድ እዚህ ላይ ነው የማስታውሰው። መርዞቹን አወጣ። ስትሪክኒን፣ ኒኮቲን፣ ኪኒን፤ ቅጠሉን ገደሉት። እስከዚህ ድረስ እንስሳ ትመስላለች። ከዚያ ኩራሬ የሚባለውን፣ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡትንና የአውሬውን ጡንቻ ከነርቩ ትእዛዝ የሚያለያየውን መርዝ ሰጣት። ምንም አልሆነችም። ሞርፊንም አልገደላት። ቀጥሎ የኮብራ መርዝ መጣ፤ ያገኘው በህንድ የእባብ መርዝ ካጠናው ሐኪም ከጆሴፍ ፌይረር ነው። ሰው የሚገድለው መርዝ ድሮሴራን አነቃቃት እንጂ አልገደላትም፤ ጠጉሮቿን በፍጥነት አጠፈች፤ ኋላም ዘረጋቻቸው። ለእሷ የኮብራ መርዝ ከጥሩ ቁርጥ ሥጋ የሚለይ አልሆነም።

ዳርዊን ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ጥንቃቄ የሞላበት ነው። የእንስሳን ነርቭ የሚያጠቁ አንዳንድ መርዞች ይህችን ተክል የማይነኳት ከሆነ፣ በጠጉሮቿ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው ነገር የእኛ ዓይነት ነርቭ ነው ለማለት ምክንያት የለም። እንስሳ ናት ለማለት የጓጓ ሰው ቢሆን ስትሪክኒኑን ይዞ ኩራሬውን ይረሳ ነበር።

ማደንዘዣዎቹን ክሎሮፎርምንና ኤተርን በጭሳቸው ሞከረ፤ ውጤቱ አንዱ ቀን እንዲህ አንዱ ቀን እንዲያ እየሆነ አስቸገረው። አሲዶቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ 24 ዓይነት ሞክሮ 19ኙ ጠጉሮቹን ብዙም ይሁን ጥቂት አንቀሳቀሱ። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ የሶዲየምና የፖታሲየም ነገር ነው። ዘጠኝ የሶዲየም ጨዎች ሞከረ፤ ዘጠኙም አጎነበሷት። የእነዚያኑ አቻ የፖታሲየም ጨዎች ሲሞክር ሰባቱ ምንም አላደረጉም። ለእኛ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ የዘመኑ ኬሚስትም እንደ መንታ ይቆጥራቸው ነበር። ቅጠሉ ግን ለያቸው። በእንስሳ ደም ሥር ቢገቡም እንዲሁ ነው፤ ሶዲየሙ በብዛት ሲገባ የሚችለው አካል በጥቂት ፖታሲየም ይሞታል።

ይህ ሁሉ ስለ ማወቅ ነው። ስለ መብላቱ ማስረጃ ገና አልቀረበም። ነፍሳቱ ቅጠሉ ላይ ይበሰብስ ይሆናል፤ ቅጠሉም የበሰበሰውን ይመጥ ይሆናል፤ ያ መፍጨት አይባልም። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ይህን የሚፈቱት ናቸው፤ ከፎስፌቱ ቁጥር ይበልጡብኛል።

እንቁላል ቀቅሎ ነጩን እንደ ዳዶ ከረከመው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ዳዶ። አንዳንዱን ቅጠሉ ላይ፣ አንዳንዱን እርጥብ ሳረንስት ላይ አስቀመጠ። ሳረንስቱ ላይ ያለው ዳዶ ቀለሙ ተለወጠ፣ ሻገተ፤ ማዕዘኖቹ ግን አልሟሙም። ቅጠሉ ላይ ያለው ማዕዘኖቹ መጀመሪያ ዶለዶሙ፤ ቀጥሎ ኳስ ሆነ፤ ቀጥሎ በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ሟሟ፤ ሽታም ሻጋታም የለውም። ጠጉሮቹ ሥጋ ከመንካታቸው በፊት የሚያወጡት ዝልግልግ አሲድነት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲነኩ ግን አሲድ ይሆናል። ልክ እንደ ጨጓራ።

አሁን የጨዋታውን ቁልፍ ተመልከቱ። ዳዶው ግማሽ ያህል ሲሟሟ ዳርዊን ትንሽ የሶዳ ጠብታ አከለበት። ሶዳው አሲዱን አረከሰው፤ መሟሟቱ ቀጥ አለ፤ ዳዶው ባለበት ቀረ። ከዚያ ሶዳውን የሚያረክስ ያህል ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨመረ። መሟሟቱ ካቆመበት ቀጠለ። ማብሪያ ማጥፊያ እንደ መንካት ነው። የሰው ጨጓራም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ፔፕሲን የሚባለው ፈጪ ያለ አሲድ ሥራ ይፈታል። ስብን፣ ስታርችን፣ ጥጥ መሰል ክሮችን፣ የነፍሳትን ጠንካራ ልባስ ግን ቅጠሉ አይፈጭም፤ ከዝንብ የሚቀረው ባዶ ቅርፊት የሆነው ለዚህ ነው።

አሲዱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ኬሚስቱ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ከ400 በላይ ቅጠሎች ታጥበው የተገኘውን ፈሳሽ መረመረው። ያን ያህል ቅጠል ሥጋ ቢበላ ፈሳሹ በሥጋው ይበከላል፤ ስለዚህ ዳርዊን ያስቆጣቸው በመስታወት ስባሪ ነው። የፍራንክላንድ መልስ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ወይም የእሱ ቢጤዎች ድብልቅ ይመስላል የሚል ነበር።

በዚሁ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚያስተምረው በርደን ሳንደርሰን፣ ዳርዊን ለምኖት፣ የዝንብ ወጥመዷን ቅጠል ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር አገናኘ። ቅጠሉ ሲነካ በእንስሳ ጡንቻ ላይ እንደሚታየው ያለ የኤሌክትሪክ ምት ታየ፤ ውጤቱን በ1873 ብራድፎርድ ላይ በተደረገው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ አቀረበው። ያው ነርቭ የላትም የተባለችው የድሮሴራ ዘመድ! በ1874 ደግሞ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ጆሴፍ ሁከር ቤልፋስት ላይ፣ የእንስራ ቅርጽ ያለው የኔፔንተስ ቅጠልም እንቁላልና ሥጋ እንደሚያሟሟ ተናገረ። ዳርዊን ብቻውን አልነበረም።

መጽሐፉ በሐምሌ 1875 ወጣ። የመጀመሪያውን ዝንብ ካየ 15 ዓመት። ሥዕሎቹን ልጆቹ ጆርጅና ፍራንሲስ ናቸው የሣሉት።

ክርክሩ ግን አልበረደም፤ ተጠራጣሪዎቹም ያነሡት ደህና ጥያቄ ነበር። ይፍጭ፣ ይምጠጥ፤ ተክሏን ምን ጠቀማት? በመስታወት ቤት ሥጋ ሳያገኙ የሚለመልሙ ድሮሴራዎች ሞልተዋል። ለዚህ አባትየው ያዘጋጀው መልስ አልነበረም። የመለሰው ልጁ ፍራንሲስ ነው። በሰኔ 1877 ወደ 200 ተክሎች በሾርባ ሳህኖች ተከለ፤ በየሳህኑ መሃል በእንጨት ከለለና ነፍሳት እንዳይገባባቸው በስስ ጨርቅ አለበሳቸው። ከክለሉ ወዲህ ያሉትን የተጠበሰ ሥጋ ፍርፋሪ አበላቸው፤ ወዲያ ያሉትን አስጾማቸው። መሬቱ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ብርሃኑ አንድ። ሲከርም የአበባ ዘንጎቹን፣ ቀጥሎም ዘሩን ቆጠረ። የጾሙት 100 ዘር ሲያፈሩ የበሉት 240 ያህል አፈሩ፤ በክብደት ደግሞ 100 ለ380። አባትየው ቢሞት በ1882 ነው፤ ይህን ሳያይ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ዕጢው ከተነካ በኋላ ቅጠሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን የታወቀው በእኛ ዘመን ነው። ዕፅዋት ትል ሲበላቸው ለመከላከያ የሚያመነጩት ጃስሞኔት የተባለ ኬሚካል፣ በድሮሴራና በዝንብ ወጥመዷ ቅጠል የመፍጫ ፈሳሹን ያስጠራል። መከላከያው ወደ ማጥቂያ ዞረ ማለት ነው። በ2016 የጀርመን ዉርትስቡርግ ተመራማሪዎች ወጥመዷ ምቶቹን እንደምትቆጥር አሳዩ፤ በሁለት ንክኪ ትዘጋለች፤ አምስት ሲደርስ ፈሳሽ ማመንጨት ትጀምራለች።

ዳርዊንን ያስቸገረው ኤተርም ተመልሶ መጣ። በ2018 የጃፓንና የአውሮፓ ተመራማሪዎች የዝንብ ወጥመዷን በመስታወት ዕቃ ውስጥ በኤተር ጭስ አቆዩአት። ስሜት ሰጪ ፀጉሯን ነኩት፤ አልተዘጋችም። ከኤሌክትሪክ መለኪያው ጋር አገናኟት፤ ምቱ የለም። ክዳኑን አንሥተው ኤተሩ እንዲወጣ አደረጉና ጥቂት ጠብቀው ያንኑ ፀጉር ነኩት። ወጥመዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።